ቤቱን ለጆንያ የሚለቅ ዳኛ

ክቡራን እንግዶች፣ የሸንጎ ባልደረቦቼ፣ አቶ ወልደዮሐንስ፤

አትነሱ፣ ተቀመጡ። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ አከራይና ተከራይ ስናስታርቅ ውለን ነው የመጣነው፤ ድምፄ ከሰለለ ይቅር በሉኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጨዋታው ልግባ። አቶ ወልደዮሐንስ ዛሬ ከሥራ ይሰናበታሉ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ደግሞ ከተከራዩት ቤት ይወጣሉ። አከራያቸው አቶ ገሪማ ቤቱን ለቡና መጋዘን ፈልገውታል። አቶ ገሪማ እዚህ ተቀምጠዋል፤ የጠራሁዎት እኔ ነኝ፤ አይዞዎት፣ ላሳፍርዎ አይደለም።

አቶ ወልደዮሐንስ ዲላ የገቡ ዕለት ዝናብ ነበር። መቼስ ዝናብ የሌለበት ቀን ካለ ንገሩኝ! ኮታቸው በስብሶ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ የሸንጎው በር ላይ ብቅ ቢሉ፣ ዘበኛችን ከከሳሾች ጋር አሰለፋቸው። ሰውዬው እንደ ከሳሽ ተሰልፈው ቆሙ! ተራቸው ሲደርስ እኔ ጸሐፊው ታረቀኝ ቀና ብዬ፣

«ተከራይ ነህ አከራይ?» አልኳቸው።

«ተከራይ ነኝ።»

«ምን ጎደለህ?»

«ወንበር ብቻ። አዲሱ የሸንጎ ሰብሳቢ ነኝ።»

ሳቁ እንጂ፤ እኔ የዚያን ዕለት አልሳቅሁም! ለካ እዚያ ቆመው የተከራዩን ሁሉ ብሶት ሰምተው ጨርሰዋል። ወንበራቸው ላይ ገና ከመቀመጣቸው «እነዚህን ሰምቻቸዋለሁ፤ አሁን አከራዮቹን ጥራልኝ» አሉ።

ከዚያማ የዝናብ ቀጠሮ መጣብን። ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ጌታዬ፣ ጣራዬ አንዲት ጠብታ አያስገባም» ብለው ማሉ። ተከራያቸው ደግሞ ባልዲ ደርድሬ ነው የምተኛው ይላል። አቶ ወልደዮሐንስ «ለዝናብ ቀን ተቀጥሯል» አሉ።

«ቀኑ መቼ ነው ጌታዬ?» ብላቸው፣

«ሲጥል!»

ጣለ። ሸንጎው በሙሉ በሩጫ ወደዚያ ቤት! አቶ ወልደዮሐንስ ተከራዩ ያሳየው ቦታ ላይ ለወይዘሮ አመለወርቅ በርጩማ አስቀምጠው፣ «እሜቴ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ካላፈሰ ምን ቸገረዎት» አሏቸው። እኔ ክሱን ገና አንብቤ ሳልጨርስ ሴትዮዋ ከነነጠላቸው ርሰው ብድግ ብለው፣ «በቃኝ፣ ቆርቆሮውን አስቀይራለሁ!» አሉ። ለእኛም ዣንጥላ ተከልክሎ ነበር። «ዣንጥላ ይዘህ እንዴት ጣራ ትመረምራለህ?» ይሉናል። ስንቱ ቤት ጣራው ተጠገነ፤ የእኔ ጉንፋን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ቀልዱ ይብቃ። ደክሞኛል፤ እናንተም ደክሟችኋል። በየዓመቱ ቡናው ሲደርስ፣ ከጪጩም ከጨለለቅቱም የቡና ጆንያ ሲግተለተል፣ ተከራይ ይውጣልኝ የሚለው አከራይ ግቢያችንን ይሞላዋል። አምና የፈረድነውን ዘንድሮ እንደ አዲስ እንሰማዋለን። ከቡሌ ወርዳ አንዲት ክፍል የተከራየችው ወለላ ሕፃኗን አዝላ ፊታችን የቆመችበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። በዚያች ባልጠናች አማርኛዋ «ጌታው፣ እኔ ቤቱ ወጣ፣ ልጁ የት ተኛ?» አለች።

አከራይዋ ጮኸ። «ቤቱ እኮ የእኔ ነው!»

አቶ ወልደዮሐንስ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ያንተ ነው። መጀመሪያ ለእሷ የምትገባበት ፈልግላት፤ ከዚያ ጆንያህን አስገባ» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሸንጎአችን ደንብ ይኸው ሆነ፤ ሰው ማደሪያ ሳያገኝ ጆንያ አይገባም።

ይህ ደንብ ያልደረሰለት ተከራይ ቢኖር አንድ ሰው ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት፣ አቶ ወልደዮሐንስ። ባለፈው ሳምንት «ለምን አያመለክቱም?» ብዬ ጠየቅሁዎት። «ሰብሳቢው እኔ፣ ከሳሹ እኔ? ሰው ምን ይለናል?» አሉኝ። ወዴት ሊገቡ ነው ስልዎት «የነገውን መዝገብ አምጣ» ብለው ወሬውን ቀየሩ። የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እህል አልበላ አለኝ።

አቶ ወልደዮሐንስ፣ እናመሰግንዎታለን። ያንን ሁሉ ጩኸት ሰው ሳይሰድቡ ሰምተዋል። ሥራው ሲያንገሸግሸኝና ልተወው ስል፣ «ነገ ና፣ የሚመጡ አሉ» ብለው የመለሱኝ እርስዎ ነዎት። ባይመልሱኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር፤ ውለታዎ አለብኝ።

እንግዲህ ብርጭቆ አንሱ፤ ጠጅ የምትጠጡ ጠጃችሁን፣ የማትጠጡ የሚሲዮን ወገኖቻችንም ብርዛችሁን። አቶ ገሪማ፣ እርስዎም ያንሱ እንጂ። አቶ ወልደዮሐንስ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከልጅ ልጅ ጋር መጫወቻ ጊዜ፣ የማያፈስ ጣራ ይስጥዎት። ራስዎን አይነቅንቁ ጌታዬ፤ ከነገ ጀምሮ ሰብሳቢ አይደሉም፤ ሰው ምንም አይለንም። እንፈርድልዎታለን ብዬ ቃል አልገባም፤ አቶ ገሪማም የሚሉት ይኖራቸዋል፣ እንሰማቸዋለን። ግን የእርስዎም አቤቱታ ሳይሰማ ከዚያ ቤት አንድ ወንበር አይወጣም። ነገ ጠዋት ማመልከቻዎን ይዘው ይምጡ፤ እጠብቅዎታለሁ።

ለተከራዩ ለአቶ ወልደዮሐንስ ጤና!