ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አያት

ሰው ሲያረጅ እንደ ተሰበረ ወንበር ጥግ ይይዛል እንጂ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ርዕሰ መምህሩ ስለ ልጅ ልጃቸው ተጠርተው የመጡትን አያት ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ፣ “ከቤት የተማረ ሰው አልነበረም?” አላቸው። እናትና አባቷ ሥራ ሲውሉ እሳቸው አዝለው፣ አጥበውና አበጥረው ያሳደጓትን ልጅ ጉዳይ ለመስማት ፊደል መቁጠር ያስፈልጋል እንግዲህ።

ነገሩ አጭር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ የሚላት የልጅ ልጃቸው ክፍል ውስጥ አትቀመጥም። ትዘላለች፣ ታስቃለች፣ ሌላው እንዳይማር ትረብሻለች። እስከ ዓርብ አደብ ካልገዛች ትባረራለች።

አያት ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ልብሱ ጠመኔ በጠመኔ ከሆነ ወጣት ጋር ተላተሙ። ለካ በቅርቡ የመጣው የፌንጣ አስተማሪ ኖሯል። እሳቸውም ጊዜ አላጠፉም።

“ልጄ፣ ይቺን ልጅ ዓይኗን ብቻ ተውልኝና ግረፍልኝ። ከምትባረር ብትለበለብ ይሻላል።”

“እማማ፣ እኔ አልገርፍም።”

“ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ሲባል አልሰማህም? ወይስ አንተ የተማርክበት ተረት አያስተምሩም?”

መምህሩ ሳቀ። “ሰምቻለሁ። ግን ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ገርፏታል፤ ምን ተለወጠ? ፊቱን ሲያዞር ትዘላለች። ዱላ የሚፈራ ልጅ ዓይኑ ከዱላው ላይ ነው፤ ከሰሌዳው ላይ አይደለም።”

አያት አልተዋጠላቸውም። ዱላ ያልያዘ አስተማሪ ያን ሁሉ ልጅ በምን ይይዘዋል ብለው ሞገቱት። እሱም በአፍ ከምንከራከር ገብተው ይዩ ብሎ ከፌንጣ ኋላ፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጣቸው።

እንግዲህ እውነቱ ይነገር፤ የዚያን ቀን መጀመሪያ የረበሸችው ፌንጣ አይደለችም። አያት ናቸው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ አጠገባቸው ያለችውን ልጅ የማን ልጅ ነሽ አሏት። ስትነግራቸው አያቷን እንደሚያውቋትና የተበደረችውን ወንፊት እንዳልመለሰች ነገሯት። ከፌንጣ ጎን ያለውን ልጅ ደግሞ ንፍጥህን ጥረግ አሉት። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ ፌንጣም ብድግ አለች።

መምህሩ አልጮኸም። ማስተማሩን ሳያቋርጥ በዴስኮቹ መሃል መጥቶ አያት አጠገብ ቆመ። ድምፁን እንዲያውም ዝቅ አደረገው፤ ልጆቹ ለመስማት ሲሉ ጸጥ አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ “እማማ፣ እነዚህን ደብተሮች ያድሉልኝ። ፌንጣ ስም ታነብልዎታለች” አለ።

ፌንጣ እያነበበች አያት እያደሉ ዞሩ። ሲጨርሱ መምህሩ ልጅቷን፣ “አንድም ስም አልሳትሽም” አላት። ጎበዝ ብሎ አላለፈም፤ ምኑ እንዳማረላት ለይቶ ነገራት። እሷም ቁጭ ብላ ጻፈች። አያትም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እንደዚያ ዝም ያሉበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ሲወጡ፣ “አንተ፣ እኔንም ገራኸኝ እኮ” አሉት። “ብትቆጣኝ ኖሮ እስከ ማታ እመልስልህ ነበር።”

“ፌንጣም እንደዚያው ናት። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።”

አያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። መምህሩም ሥራውን አስረዳቸው። ጥቂት ደንብ ከልጆቹ ጋር አውጥቶ እስኪለምዱት ይደጋግመዋል። ረብሻ ሳይነሳ ቀረብ ይላል፤ እግሩ ለማያርፍ ሥራ ይሰጣል፤ ያጠፋውን ለብቻው ያናግረዋል እንጂ በጓደኞቹ ፊት አያሳፍረውም። ዛሬ ተሳክቶ ነገ ሊበላሽ ይችላል፤ ጊዜ ይፈልጋል። የለመደው ልጅ ግን ማንም ሳያየው ራሱን ይገዛል፤ ጎረቤቱም ይማራል፤ አስተማሪውም ጉሮሮው ይተርፋል። የተገረፈ ልጅ የሚያመጣው ሰንበር ብቻ ነው።

አያት ተመልሰው የርዕሰ መምህሩን በር ሳያንኳኩ ገቡ።

“ልጅቷ አትባረርም” አሉ። “ለመምህሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ ስጠው። ቅዳሜ ደግሞ ወላጆችን ሁሉ ጥራና እኛንም ያስተምረን፤ ቤት ውስጥ እየጮኽንባቸው እዚህ ዝም እንዲሉ አንጠብቅም። ለእኔ ከፊት ወንበር ያዝልኝ፤ ከኋላ ካስቀመጥከኝ አወራለሁ።”