የዶን ኤሊሴዎ ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ

ዶን ኤሊሴዎ ግራሶ ሊገዙ ወደ መደብሩ ሲገቡ የእህታቸውን ልጅ ሚርታላን ቺንጊያ የሚባለውን የማሽን ቀበቶ ስትመርጥ አገኟት። የሜክሲኮዋ ሞንክሎቫ የብረት ፋብሪካ ከተማ ናትና ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ የብረታ ብረት መደብር ውስጥ ይገናኛል። ሚርታላ የትምህርት ቤቷ የሮቦት ቡድን አለቃ ናት፤ ሮቦቱም የሚሠራው በአጎቷ ጋራዥ ነው።

«ቺንጊያ ለምንሽ ነው?» አሏት። «የእኔ ካምቢዮ እኮ ከጎማው ጋር የሚያያዘው በሰንሰለት ነው።»

የልጅቷ ፊት ቀላ።

«አጎቴ፣ ዘንድሮ ካምቢዮዎን ሮቦቱ ላይ አናስገባውም።»

ያንን ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ዶን ኤሊሴዎ ለወራት በገዛ እጃቸው ሲሞርዱ ከርመዋል። ሰውየው ጎበዝ መካኒክ ናቸው፤ አንድ አመል ግን አለባቸው፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ ሲጨመርበት የሚድን ይመስላቸዋል። የላላውን ይበይዱታል፣ የበየዱትን ይደግፉታል፣ ድጋፉን ደግሞ በብሎን ያስሩታል። ብዙ ጥሩ ሠራተኛ ያለበት አመል ነው።

«እንግዲያው ሮቦታችሁን ይዛችሁ ከጋራዤ ውጡ!» አሉ።

ቡድኑ ሌላ ቦታ የለውም፤ የሮቦት ውድድሩም ደርሷል፤ ለሚርታላ ደግሞ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ልጅቷ ግን አላኮረፈችም። ግራሶውን ተሸክማላቸው እስከ ፒካፓቸው ሸኘቻቸው።

«አምና ምን እንደደረሰብን ያስታውሳሉ?»

«ቱቦው ፈነዳ። የእኔ ጥርሶች ምንም አልሆኑም!»

«ልክ ነዎት፣ ምንም አልሆኑም። ግን ማርሹን የሚቀይረው የታመቀ ንፋስ ነው። ለንፋሱ ታንክ፣ ለታንኩ ቱቦ አስፈለገ። ቱቦው ሲፈነዳ ማርሹ መሃል ላይ ቀረና ሮቦታችን ሜዳው ላይ ተገትሮ ዋለ።»

«ታዲያ ቱቦውን በወፍራም እንተካዋ! ያለ ሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት ከየት ልታመጪ ነው?»

«ሜዳው እኮ ከዚህ እስከዚያ ታኮ መሸጫ ምግብ ቤት ቢሆን ነው። ሁለተኛ ማርሽ እስክናስገባ ግድግዳው ይደርሳል።»

ዶን ኤሊሴዎ ርቀቱን በዓይናቸው ለኩት። እውነቷን ነው። እጅ ግን አልሰጡም።

«እሺ፣ ሮቦቱ ላይ በየጎኑ ሦስት ሦስት፣ ስድስት ጎማ ደርድረሽ እንዴት ትዞሪያለሽ? እየተፋተገ ሞተሩን ያቃጥልብሻል።»

«የመሃሎቹን ሁለቱን ትንሽ ዝቅ እናደርጋቸዋለን። ያኔ ስድስቱም እኩል ስለማይረግጡ በመሃሎቹ ላይ በቀላሉ ይዞራል። በየጎኑ ባለ አንድ ማርሽ ካምቢዮ፣ ከዚያ ጎማዎቹን የሚያያይዝ ቺንጊያ፣ አበቃ። ቺንጊያው ቢበጠስ እንኳ የመሃሉን ጎማ ካምቢዮው ራሱ ስለሚያዞረው ሮቦቱ አይቆምም።»

«ይሄማ የሕፃን መጫወቻ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ።»

«ከዚህ በላይ የምቆጣበት ምን ቀረሽ?»

«ግቢ ውስጥ ሸራ ያለበሷት መኪና ስንት ነገር ተጨምሮላታል። ቶርቲያ ለመግዛት፣ እናቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ የሚሄዱት ግን በየትኛዋ ነው?»

ዶን ኤሊሴዎ መዳፋቸውን ምንም ባልተጨመረባት ፒካፓቸው ላይ አሳረፉ። ያችን ባለ ሸራዋን ከበር ካወጧት ዓመታት አልፈዋል፤ ሁልጊዜ የሚጨመር አንድ ነገር ይቀራታል። ከፋቸው። ልጅቷ የምትለው ልክ ነበር።

«የእጄን ሥራ ነው የምትጥሉት» አሉ ቀስ ብለው።

«እጅዎንማ እንፈልገዋለን። የመሃል ጎማዎቹን ቀዳዳ ልክ ዝቅ አድርጎ የሚበሳልን ማን አለ?»

የፒካፑን በር ከፈቱላት። «ግቢ፤ ጋራዡ ውስጥ ሥራ አለን» አሉ።

በሞንቴሬይ ከተማ በተካሄደው ውድድር አንድ ቺንጊያ ተበጠሰ። ሮቦቱ እያነከሰም ቢሆን ጨዋታውን ጨረሰ። ዶን ኤሊሴዎ መነጽራቸውን ፈልገው ሳያገኙ ልጆቹ ሌላ ቺንጊያ አስገብተው ሮቦቱን እየገፉ ወደ ሜዳ ተመለሱ። ሽማግሌው የመፍቻ ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። መጀመሪያ የማያስፈልግ ሰው የሆኑ መሰላቸው፤ በኋላ ግን አምና እያለቀሰች ያዩአት ሚርታላ ስትስቅ አይተው ደስ አላቸው። ቡድኑ አንደኛ አልወጣም፤ ሮቦቱ ግን በአንድም ጨዋታ ቆሞ አልቀረም። የቀላል ሥራ ጥቅሙ ይኸው ነው። የሚበላሸው ያንሳል፣ የተበላሸውም ቶሎ ይገኛል፤ የሠራው ሰው ባይኖር እንኳ ሌላው ይጠግነዋል።

ከሞንቴሬይ በተመለሱ ማግስት ሚርታላ ጋራዡ ስትደርስ የግቢዋ መኪና ሸራ ተገፏል፤ አጎቷ መኪናዋ ሥር ተኝተዋል።

«ደግሞ ምን ሊጨምሩባት ነው?»

«የጨመርኩባትን እየነቀልኩላት ነው» አሉ ከሥር ሆነው። «እናትሽን ለባብሳ ትጠብቀኝ በያት። እሁድ ሐኪም ቤት ሳይሆን ሽርሽር ነው የምወስዳት፤ በዚህችው።»