እጄ የቆመበት ክሊፕ

በእኛ ጊዜ ዘፈን ይሰማ ነበር እንጂ አይታይም ነበር። ዘፋኙ ቀይ ይሁን ጠይም፣ ረጅም ይሁን አጭር ማን ያውቃል? ሬዲዮኑን ግንድ ላይ ሰቅለን ቡናችንን እንለቅማለን፣ መልኩን ደግሞ እያንዳንዳችን በልባችን እንሠራለን። ታዲያ ዛሬ ዘፈን በዓይን ሆኗል። እና እኔ ሽማግሌው፣ የኢዲዶው ገበሬ፣ በዓይን በሚዘፈን ዘፈን ውስጥ ገብቼ ወጣሁ። ትስቃላችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ። አንተ ደብተር የያዝከው ግን ጻፍ።

ልጄን ምሕረትን ታውቋታላችሁ። ከመዘምራኑ ጋር ስትዘምር ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ያሰግግ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን መጣችና፣ «አባዬ፣ ዲላ ሄጄ ዘፈን ልሠራ ነው» አለችኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ እኮ! «መሄድሽ ካልቀረ ሂጂ፣ ከእኔ ግን ምርቃት አትጠብቂ» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሞተር መጥቶ ወሰዳት። እናቷ እያለቀሰች እስከ መንገዱ ሸኘቻት፤ እኔ ቡና ከምናሰጣበት የሽቦ አልጋ አጠገብ ቆሜ ጀንፈሌን፣ ከነገለባው የሚደርቀውን ቡናዬን፣ አገላብጥ ነበር። ቀና አላልኩም። ቀና አላልኩም እላችኋለሁ።

ሦስት ዓመት እንደዚህ ሆነ። ለእናቷ ትደውላለች፣ «አባዬ ደህና ነው?» ትላለች፣ እናቷም «ደህና ነው» ትላለች፣ እና እኔ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ ደህና ነኝ።

ታዲያ ባለፈው የቡና ወቅት ካሜራ ከያዙ ልጆች ጋር መጣች። «አባዬ፣ ክሊፑን እዚህ አልጋዎቹ ጋ ልንሠራው ነበር፣ ከፈቀድክልን» አለች። «ቡናዬ እንዳይረገጥ» አልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለልጄ የተናገርኩት ይኸው ነው።

የልጆቹ አለቃ ኪሩቤል የሚባል የዲላ ልጅ ነው። ዘፈኑን በስፒከር ለቀቀው፤ እና ዘፈኑ ምን ሆነ? እንደ ጫጩት ጪ ጪ ጪ እያለ ይሮጣል! ምሕረት ደግሞ እሱን እየተከተለች በአልጋዎቹ መሐል ትፈጥናለች፣ አፏን ቶሎ ቶሎ ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ ግን የላትም።

«ምሕረት፣ ጉሮሮሽ ተዘጋ እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ።

ኪሩቤል ራሱን ያዘ። «አባባ፣ በእግዚአብሔር! እየቀረጽን እኮ ነው!»

«ምኑን ነው የምትቀርጸው? ድምፅ የላትም!»

«አሁን ያፈጠንነው በኋላ ምስሉን ቀስ ስናደርገው እንዲገጥም ነው፣ አባባ። ያዩታል።»

«ቀስ ለማለት የሚሮጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» አልኩት፣ ለቃሚዎቹ በሳቅ ወደቁ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «አባባ፣ እንደ ወትሮዎ ያገላብጡ» አለኝና እጄን ቀረጸ። ፊቴን ትቶ እጄን! ምሕረት ደግሞ ድመት የሚመስል ጠጉራም ማይክ ይዛ ወደ እጄ አስጠጋችው፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ጀንፈሉ ሸሽ... ሸሽ... ይላል። «ይሄም ይዘፈናል?» አልኳት። «ዝም ብለህ አገላብጥ፣ አባዬ» አለች።

በዚህ መሐል ከገደብ ወረዳ በኩል ደመና ጠቆረ። ያሰጡት ጀንፈል ዝናብ ከነካው እንደሚሻግት ታውቃላችሁ። እጄን አቆምኩና ቀና አልኩ። ይመጣል ወይስ ያልፋል? አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ «ላስቲክ! ላስቲክ አምጡ!» እያልኩ ስሮጥ የካሜራውን ማቆሚያ በእግሬ ጠልፌ ጣልኩት። ሥራቸውን አበላሸሁባቸው ብዬ አፈርኩ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ምሕረት ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «ነገ ይለቀቃል፣ እናንተ ሳታዩት ግን አይለቀቅም» ብላ ከፊታችን አስቀመጠችው።

ምን ልንገራችሁ? ያቺ ስትሮጥ ያየኋት ልጅ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ትንሳፈፋለች፣ አፏ ግን ከዘፈኑ አንዲት ቃል አይስትም! ጪ ጪ ሲል የነበረው ዘፈን አንጀት ይበላል። ግጥሙ ስለ መንገድ ነው፣ አባት የሚል ቃል የለበትም። ታዲያ ክሊፑ ውስጥ አሮጌ ሻንጣዋን ይዛ ሞተር ላይ ወጣች። እና ዘፈኑ ጭጭ አለ። ተበላሸ ስል፣ ሸሽ... ሸሽ... የእኔ እጅ! ከዚያ እጁ ቆመ። ድምፅ የሚባል ጠፋ። ፊቴ መጣ፣ ቀና ብዬ ሩቅ አያለሁ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ከላይ ከሰማይ ታየ፣ በመንገዱ ላይ እንደ ጉንዳን ትንሽ ሆኖ እየራቀ። እንደገና ፊቴ።

ሚስቴ ጉልበቴን ያዘችኝ። «አንተ ሰውዬ! እያየሃት ነበር? ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቅከኝ ይሄን ነው?»

«ኧረ ደመና ነው ያየሁት!» አልኩ። ለካ ኪሩቤል ያኔ ካሜራውን ወደ ፊቴ አቅንቶ ኖሯል። ማን ይስማኝ? እኔም ራሴን አላመንኩም። «ምሕረት፣ እስኪ ሞተሩን አውጥተሽ ፊቴን ብቻ አሳዪኝ» አልኳት። አሳየችኝ፤ ዝናብ የፈራ ገበሬ ነው። ሞተሩን መለሰችው፤ ልጁ የሄደችበት አባት ነው። ፊቱ ያው ፊት፣ ዓይኑ ያው ዓይን! ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። አምላኬ ሆይ፣ ሰው የራሱን ፊት ከአጠገቡ በተቀመጠው ነገር ነው እንዴ የሚያውቀው?

ታዲያ ሽማግሌ ነኝና፣ «ይሄ ውሸት ነው፣ ልጄ። ያን ቀን ቀና አላልኩም» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«በምን ታውቂያለሽ? ጀርባሽን ሰጥተሽኝ አልነበር?»

«በጆሮዬ ነዋ። ስታገላብጥ ይሰማኝ ነበር። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል ብዬ ሞተረኛውን ‹ትንሽ ቆይ፣ አታስነሣው› አልኩት። አልቆመም።»

[እዚህ ላይ አባባ እጃቸውን አገላብጠው አዩ።]

«ካልፈለግክ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ» አለች። እኔ ተነሥቼ ወደ ቡናዬ አልጋ ወጣሁ። ጀንፈሉን አገላበጥኩ። አቆምኩ። እና ያን ጸጥታ ሰማሁት፣ እዚያ ክሊፑ ውስጥ ያለውን። እንዴት ከባድ ነው! ተመልሼ ገባሁና፣ «ተዪው። ያን ቀን መቆም የነበረበት እጅ ነው፣ እዚያ ይቁም» አልኳት። ከዚያ ያንኑ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና መረቅኳት። ምን ብለህ መረቅካት እንዳትሉኝ፣ ድምፄ እሺ አላለኝም፤ እሷ ግን «አሜን፣ አሜን» ትላለች። ሞተሩ ሲመጣም ሻንጣዋን ይዤ እስከ መንገዱ ሸኘኋት፣ እስኪሰወር ድረስም አየሁት። ታዲያ አሁን ክሊፑ ውሸት ነው የሚል ይምጣ! ሲቀረጽ ውሸት ነበር፤ እኔ ነኝ ዘግይቼ የደረስኩበት።

እኔ ጸሐፊውም የጻፍኩትን መልሼ ሳየው አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝና፣ «አባባ፣ ዝናቡስ ያን ቀን መጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የት አባቱ!» አሉና ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «አንዲት ጠብታ! አንዲት ጠብታ አልጣለም። ለካ ደመናው የመጣው እኔን ቀና ሊያደርገኝ ኖሯል።»