እጄ እርጥብ ነው

ልብስ ሰፊው ክርና ቁልፍ ገዝቶ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ከሚጠበቅበት ጥላ ሥር አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ አየ። የእህቱ ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ክሊኒክ ከተቀጠረች ወዲህ ሥራው ውጧት ከተያዩ ቆይተዋል። ፊቱ በሳቅ ተሞላ። እሷም እንደ ልማዷ ዓይኗን ሰበር አድርጋ «ጋሼ!» አለችና ቀኝ እጇን ዘረጋች።

እሱ ግን መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ሰጣት።

«አንጓውን ያዢኝ ልጄ፤ እጄ እርጥብ ነው።»

ልጅቱ አንጓውን ይዛ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘች። ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ አቧራ ለብሷል፣ በአካባቢው ቧንቧ የሚባል ነገር የለም።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውሃው ከየት መጣ?»

«የምን ውሃ?»

«እጅዎን ያረጠበው።»

ልብስ ሰፊው ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም ነበር። ደንበኛ ሲመጣ «አሁን ታጥቤ ነው» ይላል፤ ጎረቤት ሲገባ «ጨርቅ እያራስኩ ነው» ይላል። ደረቅ መንገድ መሃል ግን የሚጠየቅ አልመሰለውም።

«ላብ ነው» አለ።

«ታዲያ ያሳዩኛ። እኔ እኮ ክሊኒክ የምሠራው የደከመ እጅና እግር ማበርታት ነው።»

ይህች ልጅ ሰው ቤት ሄዳ ሻይ ይደገምልሽ ስትባል እንኳ መልስ የሚቸግራት ናት። የሥራዋ ነገር ሲመጣ ግን ዓይን አፋርነቷ ጥሏት ይሄዳል። መዳፉን ገልብጣ አየችው። እንደ ወረቀት ደርቋል። «ይጨብጡኝ፤ ባለዎት ጉልበት» አለችው። ጨበጣት። እንደገና አስጨበጠችው፤ እሱን ያስደነገጠውም ይህ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሳትሳፈር አሳለፈችውና «ሱቅ ድረስ ልሸኝዎት» አለች።

ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ለብዙ ዓመት ክንድ ያለሰለሰው ረጅም ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» ያስባለው ትልቁ ጥቁር መቀስ ተሰቅሏል። ልጅቱ ያየችው ግን መደርደሪያው ላይ የታጠፈውን ወፍራም ሰማያዊ ሱፍ ነበር። ጠመኔው ደብዝዞ እንደገና ተሰምሮበታል፤ ያም ደብዝዟል።

«የማነው?»

«የባለቤቴ ኮት ነው። ይሆናል ብለን ነበር» አለና ተቀመጠ። «ባለፈው ብርድ ነው ቃል የገባሁላት። ሱፉ ወፍራም ነው። በትልቁ መቀስ፣ ሳያቆሙ፣ ከላይ እስከ ታች መሄድ አለበት። እጄ መሃል ላይ ቢከዳኝ ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል፤ ቆርጠሽ የምትመልሺው ነገር አይደለም። ስትጠይቀኝ ‹ሱፍ ሳይቆረጥ ተዘርግቶ ማረፍ አለበት፤ ጨርቁ ገና አላረፈም› እላታለሁ።»

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?»

«መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። አሁን መጠየቅ ትታለች። ያ ነው የከበደኝ።» ዓይኑን ወደ መቀሱ አነሳ። «ሱፉን ታች ሰፈር ላለው ሰፊ ልሰጠው ወስኛለሁ። መቀሱንም አብሬ እሰጠዋለሁ። በጨርቁ ላይ መቀስ የማያሳርፍ ሰፊ ምኑ ሰፊ ነው!»

ልጅቱ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይደነዝዝዎታል? ጣትዎን እንደ መርፌ ይወጋዎታል? ነው ወይስ በድንገት ነው የመጣው?»

«ምንም የለውም። ቀስ በቀስ ነው የላላው። መጀመሪያ የማሰሮ ክዳን እምቢ አለኝ፤ ቀጥሎ ካውያው ከበደኝ።»

«በድንገት ቢሆን ወይም ቢደነዝዝዎ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ነበር የምወስድዎ። ለማንኛውም ክሊኒክ መጥተው ሐኪማችን ያይዎታል። እንደኔ ግን የጭብጥዎ ኃይል ነው የቀነሰው።»

«የምን ጭብጥ? ስብሰባ ላይ ነን እንዴ? የኔ ጭብጥ አጭር ነው፤ አርጅቻለሁ። በቃ!»

ልጅቱ ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። «የንግግሩን አይደለም፤ የእጁን ነው። እጅ የሚጨብጥበትን ጉልበት ነው ጭብጥ የምንለው።»

«ታዲያ ጉልበት አትሉትም? ተምራችሁ ተምራችሁ ቀላሉን ስም ጠፋባችሁ!»

«እሺ፣ ጉልበት። ጉልበቱ ይመለሳል ጋሼ። ይለካል፤ ይሠራበታል፤ ይመለሳል።»

«ስሚኝ ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ መቀስ ስጨብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራ እጅ የሚያበረታ ቢሆን የኔ እጅ ብረት በሆነ ነበር። ጨርቅ አታዪም? ሲለበስ ሲለበስ ክርኑ ይሳሳል። እጄም ተለበሰ፤ ሳሳ። ለዚህ ነው ከዓመት ወዲህ የማሳርፈው። ከባዱን በግራ፣ ክዳኑን ለሚስቴ፣ ወፍራሙን ጨርቅ ለነገ።»

«ጋሼ፣ ጨርቅ የራሱን ቀዳዳ ሰፍቶ ያውቃል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጣትዎን ስንት ጊዜ መርፌ ወግቶታል? ማን ሰፋው?»

ሰውየው ጣቱን አየ። ምልክቱ እንኳ የለም።

«ሥጋ ራሱን ይሰፋል» አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች። «ጡንቻም እንደዚያው ነው። ሥራ ሲያገኝ ‹እፈለጋለሁ› ብሎ ራሱን ያወፍራል፤ ሥራ ሲያጣ ‹አልፈለግም› ብሎ ይሳሳል። ዕድሜ ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን እርስዎ ዕድሜው ላይ አንድ ዓመት እረፍት ጨመሩበት። በሸመገለ ገላም ቢሆን ጡንቻ ሥራ ሲሰጡት ይሰማል።»

እንዲህ ያለው ሙግት በየቤቱ አለ። ሽማግሌው የደከመውን አካል መሸሸግ ክብር ይመስለዋል፤ ወጣቱ ደግሞ መጽሐፍ ጠቅሶ ሊያሸንፍ ይቸኩላል። ይህች ልጅ አልቸኮለችም። አጎቷ ጠመኔውን ሲያገላብጥ እሷም ጠበቀችው።

«እሺ፣ መለካቱስ ለምን ነው?» አለ በመጨረሻ። «እጄ ሽንኩርት ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው?»

«ደንበኛ ሲመጣ በዓይንዎ ገምተው ነው የሚቆርጡት?»

«እኔ?!» ብድግ አለ። «እኔ ሜትር ሳልዘረጋ ቀሚስ ቆርጬ አላውቅም!»

«ታዲያ የራስዎን እጅ ለምን በግምት ‹አልቋል› ይላሉ?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «እናትሽም እንደዚህ ነበረች» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ መሸነፍ ነው።

አመሻሹ ላይ፣ ልጅቱ ለመለኪያ ይሆናል ያለችውን የቤት ሚዛን ፍለጋ፣ ሁለቱም ቤት ገቡ። ባለቤቱ የእህቱን ልጅ አይታ ደስታዋን ሳትጨርስ፣ ባሏ አልጋ ሥር ገብቶ የሰውነት ሚዛኗን ሲጎትት አየችና ፊቷ ተለወጠ። ልጅቱ ግን ባለ መርፌውን ሚዛን ተቀብላ እንዴት እንደሚያዝ ለአጎቷ አሳየችው፤ ቁጭ ብሎ፣ ክንዱን ከጎኑ አስጠግቶ፣ ሚዛኑን ደረቱ ፊት አቁሞ፣ ከዚህም ከዚያም በመዳፎቹ ይዞ መጨመቅ።

«የክሊኒካችንን መሣሪያ አይተካም» አለች። «ከሌላ ሰው ጋርም አያወዳድሩበት። ዛሬ ያለዎትን ከወር በኋላ ከሚኖርዎት ጋር ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ እጅዎ ሳይደክም ይለኩ። ትንፋሽዎንም አይያዙ።»

ልብስ ሰፊው ጨመቀ። መርፌው ትንሽ ተነቃነቀና ቆመ። ደስ አላለውም። ልጅቱ ውሃ ልትጠጣ ዞር ስትል ሚዛኑን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስደገፈና በሆዱ ተጫነው። መርፌው ዘለለ።

«ይኸው! ኑ እዩ! ማነው አርጅቷል ያለው?»

«አንተ ሰውዬ» አለች ባለቤቱ ከበሩ፣ «ያ እኮ የሆድህ ነው!»

ልጅቱ እንደ ጎርፍ የመጣ ሳቋን መያዝ አቃታት። ባለቤቱ ሚዛኑን ተቀብላ ቁጭ አለችና፣ እንደታየው አድርጋ በመዳፎቿ ጨመቀች። መርፌው የባሏን ቦታ አልፎ ሄደ። ክዳን የሚከፍት እጅ ነዋ!

ሳቁ ሲበርድ ልብስ ሰፊው አቀርቅሮ ቀረ። «ጨርቁ አርፏል» አለ በቀስታ። «ድሮ ነው ያረፈው። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

ባለቤቱ ሚዛኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ እኮ...» አለች፣ «እኔ እኮ ስለወፈርኩ ሜትሩን ልትዘረጋብኝ አፍረህ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ነው ይህን ሚዛን አልጋ ሥር የከተትኩት።»

«አንቺ! በስመ አብ በይ! ለዚህ ብለሽ ነው እራት የምትተዪው?»

ልጅቱ የሚታይ ነገር ፈልጋ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ከዚያ ምሽት በኋላ ቤቱ የእጅ ትምህርት ቤት ሆነ። ከገበያ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ልብስ ሰፊው ከቁርጥራጭ ጨርቅ እፍኝ የምትሞላ ጠንካራ ኳስ ሰፋ፤ ቀስ ብሎ ይጨምቃታል፣ ያዝ ያደርጋታል፣ ይለቃታል። ለሱሪ ወገብ የሚያስገባውን ላስቲክ በጣቶቹ ዙሪያ ጠምጥሞ ጣቶቹን ወደ ውጭ ይከፍታል፤ መዝጋት ብቻ የሚያውቅ እጅ ግማሽ እጅ ነው ብላዋለች ልጅቱ። ከቧንቧ ውሃ ሲቀዳ ለሁለቱም እጆቹ እኩል ትንንሽ ጄሪካን ይይዝና ወገቡን አቅንቶ ግቢውን ይዞራል። ከሁሉ የወደደው ግን ፎጣውን ነው፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይጠመዝዘዋል። ጎረቤት ሲገባ አንጓውን እየዘረጋ «ዛሬ ግን የእውነት እርጥብ ነው!» ይላል፤ ባለቤቱም ከጓዳ ሆና «እውነቱን ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ!» ትላለች።

ጣጣ አልጠፋም። ጉልበቱ ትንሽ ሲመለስለት ሰውየው ስግብግብ ሆነ፤ ኳሷን ከጠረጴዛ ሥር ቀኑን ሙሉ ሲጨምቅ ዋለና አንጓው አበጠ። ልጅቱ መጥታ አየችው።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ይረፉ አላልኩም?»

«ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ማሳረፍ ነው የጎዳዎት አልሽኝ። አሁን ያሳርፉ ትይኛለሽ። አንዱን ምረጪ!»

«ሥራ የቀደመው እረፍትና ሥራ የሌለው እረፍት ይለያያሉ። ጡንቻው የሚሰፋው እኮ በሚያርፍበት ቀን ነው። እርስዎ ደግሞ እየሰፋ ሳለ መርፌውን ነጠቁት።»

«መርፌውን ነጠቁት!» አለ አጎቷ ለባለቤቱ። «ሰማሽ? የኔን ሙያ በኔ ላይ ታዞረዋለች!» ቢሆንም አንጓው እስኪሻለው ተወው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ ለመደ።

ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ሚዛኑ ላይ ያለው መርፌ ባለቤቱ የደረሰችበትን አለፈ፤ ሆዱ ሳይጨመር። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሱፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሜትሩን አንስቶ ባለቤቱን እንደገና ለካት፤ እሷም ወገቧ ጋ ሲደርስ ትንፋሿን ሳትይዝ ቆመችለት። አዲስ ጠመኔ አሰመረ። ትልቁን መቀስ ከተሰቀለበት አወረደ። እሷ የጨርቁን ማዶ ጫፍ ይዛ ቆመች፤ የእህቱ ልጅ በሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

መቀሱ ሱፉን ነከሰ። ከዚያ ያ ለዓመት ከሱቁ የጠፋው ወፍራም፣ ረጋ ያለ የብረት ድምፅ ተሰማ። አጋማሹ ላይ ፍጥነቱ ቀነሰ።  «አልቆመም» አለ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከመስመሩ ሳይነቅል፣ «እየጣፈጠኝ ነው እንጂ» አለና እስከ ጫፉ ሄደ። ባለቤቱ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። የተላጨ ይመስላል።

«አርፎ ነበር ማለት ነው» አለች።

ዛሬ ልብስ ሰፊው የሰበከውን ያህል ልጅቱ አልሰበከችም። ሱፍ ሊያሰፋ የመጣን ሁሉ ይዞ ይነግረዋል፤ እጅ ሲበረታ ካውያው ይቀላል፣ በደረጃ ሲወርዱ መደገፊያው ይጨበጣል፣ የልጅ ልጅ ሲታቀፍ ልብ አይፈራም፤ የላላ እጅ ደግሞ ሌላው ገላም ሥራ መፍታቱን ይናገር ይሆናልና ሳይሸሽጉ ማሳየት ነው። እንደዚህ ሲል ድምፁ ልክ የእህቱን ልጅ ድምፅ ይመስላል፤ እሷ ግን በሰው ፊት ስትመሰገን ኮቶቹ መሃል ትደበቃለች።

አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሸሚዝ ሊያሰፋ መጣ። ልብስ ሰፊው ከጠረጴዛው ዞሮ ወጣና እጁን ዘረጋለት። ፀጉር አስተካካዩ መዳፉን አጥፎ አንጓውን ሰጠ።

«አንጓውን ያዘኝ ወዳጄ፤ እጄ እርጥብ ነው።»

ልብስ ሰፊው በፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ላይ ያለውን ፎጣ አየ። ደርቋል፤ እጥፋቱም አልተነካም። አልሳቀበትም። አንጓውን ቀስ አድርጎ ያዘውና ወደ ውስጥ ሳበው።

«አውቃለሁ» አለ ወንበር እያቀረበለት። «ቁጭ በል ወንድሜ። ፎጣውን ስጠኝ፤ መጀመሪያ እሱን እናርጥበው።»