የተደፈነው ሣጥን

በሐይቁ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ በተዛወርኩ ሰሞን፣ ለክትባት ወደ ማዶ መንደሮች የሚያሻግረኝ ጀልባ ፍለጋ ወደ ማረፊያው ወረድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች ከማሻገር ያለፈ ትምህርት ሰጥተውኛልና ታሪካቸውን እንደሆነው ላውጋችሁ።

አንድ ጠና ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ጀልባቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ውሃ ውሃውን ያያሉ። ከፊታቸው ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት ባትሪ ታቅፋ ቆማለች። ባትሪው ከባድ እንደሆነ ከአቋቋሟ ያስታውቃል፤ እሳቸው ግን አስቀምጪው አላሏትም፣ እሷም አላስቀመጠችውም።

«ጀልባዬ ውስጥ አይገባም ብዬሻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ።»

«ሰምቼሻለሁ። እምቢ ያልኩት ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም።»

እኔን ሲያዩ ሽማግሌው ከጭንቅ የተገላገሉ መሰሉ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና የክትባት ሣጥኔን ተቀብለው አሳፈሩኝ። ወጣቷ ባትሪዋን እንዳቀፈች በማረፊያው ጥግ ወዳለችው ትንሽ የጥገና ሱቋ ተመለሰች።

ጀልባው ሰፊና ጠንካራ ነው፤ ሞተሩ በገመድ ተስቦ የሚነሳ ነው። ዕድሜ ከተጫነው እንጨት መጋጠሚያ ውሃ ቀስ እያለ ይገባል፤ ሽማግሌውም አንድ እጃቸውን ከመሪው ሳይለዩ በሌላው እጃቸው በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዱ ይደፉታል። አፍንጫው ላይ የላምባ ፋኖስ ተሰቅሏል። ሌሎቹ ጀልበኞች በባትሪ የሚሠራ መብራት ሲያስገቡ እሳቸው ብቻ በዚህ ስለጸኑ «አባ ፋኖስ» ይሏቸዋል። መንገድ ላይ ስለ ልጅቷ ጠየቅኳቸው። የሟች ታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ስፌት ትማራለች ብዬ ሙያ ትምህርት ቤት ብልካት ኤሌክትሪክ ተምራ መጣች» አሉኝ። ሊቀልዱ የፈለጉ ይመስላል፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ስለ ወንድማቸው ግን አንድም ቃል አልተናገሩም።

ነገሩን የሰማሁት ከሌሎች ጀልበኞች ነው። በዚህ ማረፊያ ጀልባው ላይ ባትሪና መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው ያ ወንድም ነበር። አንድ ቀን ብቻውን ከማዶ ሲመለስ፣ ሐይቁ መሀል፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር የነበረው፣ ከሞተሩ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ሣጥን ፈነዳ። እሳቱ ወደ ቤንዚኑ ተዛመተ። ከዳር ሆነው ጭሱን ያዩ ሰዎች እስኪደርሱለት የተረፈ ነገር አልነበረም። ልጅቱ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። አባ ፋኖስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሽቦ የሚባል ነገር በጀልባቸው እንዳይገባ አደረጉ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የአጎትዬውንና ያሳደጓትን የወንድማቸውን ልጅ ክርክር በሌላ ጆሮ አዳምጥ ጀመር። ብዙ ጊዜ ልጅቷ አብራን ትሻገራለች፤ ሦስታችን ስንሆን ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ያርፋል። አንድ ቀን አባ ፋኖስ ሐሳባቸውን እንዲህ ገለጹ፤

«ፋኖሱን አየዋለሁ። ሲነድም አየዋለሁ፣ ሲጠፋም አየዋለሁ። የእናንተ እሳት ግን ሽቦ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚሄደው። በማይታይ እሳት ላይ ሰው አሳፍሬ ውሃ መሀል አልገባም።»

«ስለማይታይ እኮ ነው ጠባቂ የሚደረግለት» አለች ልጅቷ። «ፊውዝ የሚባል ነገር አለ፤ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጣል። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም፣ ከመጋሉ በፊት ፊውዙ ራሱ ተቃጥሎ መንገዱን ይዘጋል።»

«የአባትሽ ጀልባ ላይም መብራቱን የገጠመው ሰው ምንም አይሆንም ብሎ ነበር።»

እኔም ዝም ማለት አቅቶኝ ገባሁበት። ባልተቀቀለ መርፌ ምክንያት ሰው ይታመም እንደነበር፣ መርፌው ተፈርቶ መድኃኒቱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን ስንት ሕፃን ይሞት እንደነበር ነገርኳቸው። ጥፋቱ ከአያያዙ እንጂ ከነገሩ አይደለም አልኩ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

አባ ፋኖስ ውሃውን ቀድተው ደፉና፣ «እርስዎ በመርፌው ወንድምዎን አልቀበሩም፣ ሲስተር» አሉኝ። 

ክረምቱ እንደገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከማዶ ምጥ የጠናባት እናት አለች የሚል መልእክት መጣልኝ። ከአባ ፋኖስ ጋር ተሻግረን ሴትዮዋን ከነባሏ አሳፈርናት። የልጁ አመጣጥ አላማረኝም፤ ወደ ጤና ጣቢያው ማድረስ ነበረብን። እኩሌታውን እንደሄድን ሰማዩ ጠቆረ፣ ዶፍ ወረደ። ከዝናቡና ከጉሙ የተነሳ የጀልባችን አፍንጫ እንኳ በቅጡ አይታይም። ፋኖሱ ውሃ ገባበትና ጠፋ። አባ ፋኖስ በእርጥብ እጃቸው ክብሪት ቢጭሩም አልያዘላቸውም።

ውሃው እግራችን ሥር ከፍ እያለ መጣ። እሳቸው መሪውን ቢለቁ ማዕበሉ ይገለብጠናል፤ ካልለቀቁ የሚቀዳው ሰው የለም። ጀሪካኑን ባልየው ተቀበላቸው። እኔ ሴትዮዋን ይዣለሁ፤ ትንፋሿ አጥሯል፣ እጄን ጨብጣ አትለቅም። በዚህ መሀል ከጉሙ ውስጥ እንጨት የጫነ ትልቅ ጀልባ ድንገት ወደ እኛ መጣ። አላየንም፤ ምን አይቶ ያየናል? አባ ፋኖስ መሪውን በሙሉ ኃይላቸው ጠመዘዙት፤ ጎናችንን ፍቆን አለፈ። ያም ጀልበኛ ደንግጦ፣ «ሰውዬ፣ መብራት የለህም?» ሲል ሰማነው። 

ደረስን። ልጁ የተወለደው ብዙ ተጨንቀን ነው፤ ሲወጣ አልጮኸም ነበርና አፉን ጠርገን፣ ትንፋሽ ሰጥተን፣ ሁላችንም ተስፋ ልንቆርጥ ስንል አለቀሰ። ወጥቼ ባይ አባ ፋኖስ ልብሳቸው እንደራሰ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ተረፉ?» አሉኝ።

«ሁለቱም ተርፈዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት የእጅ ባትሪዬን ቻርጅ ላስደርግ ወደ ልጅቷ ሱቅ ስሄድ ቀድመውኝ አገኘኋቸው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ ሽቦ በየቀለሙ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ሬዲዮ አለ፤ በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ባትሪ ቻርጅ ላይ ነው። አባ ፋኖስ ቆመው ባትሪውን ያያሉ። ልጅቷ ልትከራከራቸው አልሞከረችም። እስኪናገሩ ጠበቀች።

«ምን እንደሚያፈነዳው አሳዪኝ» አሏት በመጨረሻ።

የባትሪው ክዳኖች ተከፍተው ነበር። ብዙ ሳይጠጉ ወደ ውስጥ እንዲያዩ ነገረቻቸው። እኔም አየሁ፤ ውሃ ሊፈላ ሲል እንደሚያደርገው ጥቃቅን አረፋ ከሥር እየተነሳ ላዩ ላይ ይጠፋል።

«እየፈላ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ ይልቁንም ሊሞላ ሲቃረብ፣ በውስጡ ካለው ውሃ ጋዝ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። እንዲህ በር ተከፍቶ ሲሆን ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል፤ ማንንም አይጎዳም። መውጫ በሌለው ሣጥን ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ ከላላ ሽቦ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።»

አባ ፋኖስ አረፋውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱ ክዳኑን እንዲሁ ከድኖ ሊተወው ነበር። ውሃ ይገባበታል ብዬ ዙሪያውን በሬንጅ የደፈንኩት እኔ ነኝ። እጅህ ይባረክ ብሎኛል።»

 ልጅቷ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ስለ ጋዙ የተማርን ዕለት ነው የገባኝ። በዚህ ማረፊያ የጀልባን ቀዳዳ በሬንጅ የሚደፍን ከእርስዎ በቀር ማን ነበር?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እርስዎ እስኪጠይቁኝ ነው የጠበቅኩት። ውሃ እንዳይገባበት ብለው ነው የደፈኑት፤ የሚያውቁትን ሁሉ አድርገውለታል። የማያውቁትን የነገረዎት ሰው አልነበረም። እኔም ያንን የሚናገር ሰው ልሁን ብዬ ነው ስፌቱን የተውኩት።»

ሽማግሌው በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፍነው ረጅም ጊዜ አለቀሱ። እሷም ጉልበታቸውን ያዘች። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ እኛ የተማርን ሰዎች አዲስ ነገር አልቀበል ያለንን ሽማግሌ ግትር ነው፣ አላዋቂ ነው እንላለን። አባ ፋኖስን ያስቸገራቸው ስለ ባትሪ ያላወቁት ነገር አልነበረም። የከበዳቸው ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ያንን ሸክም ሳናይ መርፌና መድኃኒት እየጠቀስን ብንከራከር ኖሮ ዕድሜያችንን በሙሉ በተከራከርን ነበር።

ዕንባቸውን ሲጠርጉ፣ «ጠባቂ ያልሽውን ደግሞ አሳዪኝ» አሏት።

ሌላ ባትሪ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ ጋዝ ባለበት አጠገብ ብልጭታ መፍጠር አይገባም አለች። ጓንት አጥልቃ፣ በቀጭን ሽቦ የባትሪውን ሁለት ጫፎች አገናኘች። ዓይናችንን ጨፍነን ሳንገልጥ ሽቦው ቀላ፣ ልባሱ ጨስ ብሎ ቀለጠ። ቶሎ አላቀቀችው። ቀጥሎ መሀሉ ላይ ፊውዝ ያለበት ተመሳሳይ ሽቦ አምጥታ እንደዚያው አደረገች። ጠቅ አለና አበቃ፤ ሽቦው እንደነበረ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ከጥፍራቸው አይበልጥም።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

አገላብጠው ሲያዩዋት ቆዩና፣ «መቼ ትጀምሪልኛለሽ?» አሉ።

ሥራው ሲሠራ አባ ፋኖስ ከአጠገቧ አልተለዩም፤ የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። ባትሪው ወንበር ሥር ሳይሆን ከቤንዚኑ በራቀ ቦታ፣ ከላይ በኩል መተንፈሻ ባለው ሣጥን ውስጥ በማሰሪያ ታስሮ ተቀመጠ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ገባ። ሽቦው ወፍራም ሆኖ ከጀልባው ወለል ከፍ ብሎ ተዘረጋ። ለዚሁ ተብሎ ከኋላ በኩል በቆመ ትንሽ ጣሪያ ላይ ሶላር ተገጠመ፤ በመሀሉ ቻርጁን የሚቆጣጠር መሣሪያ አለ፤ ባትሪው ሲሞላ እሱ ቻርጁን ይቀንሳል። ከወለሉ ሥር ውሃ ሲጠራቀም ራሱ እየተነሳ የሚስብ ፓምፕ ገባ። አፍንጫው ላይና ከኋላ መብራት ተሰቀለ። ባትሪውን ከግማሽ በታች አታድክሙት፣ ውሃው ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሩበት፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ሲወጣ ጠርጋችሁ አጥብቁት እያለች ለእሳቸውም ለእኔም ደጋግማ ነገረችን።

በዚያው ክረምት ያንኑ ሐይቅ በጉም ተሻግረናል። አባ ፋኖስ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነበር፤ ፓምፑ ውሃውን ሲተፋ ይሰማል፤ ከፊታችን የሚመጡ ጀልባዎች ከሩቅ መንገድ ይለቁልናል። እኔም ሕመምተኛዬን በብርሃን እያየሁ ረዳሁ። ምጥ የያዛቸው እናቶች ከማዶ ለመሻገር ሰማይ እስኪጠራ መጠበቅ ቀረላቸው። ጀልባው ላይ የፋኖሱ ጭስ ያስላቸው የነበሩ ሕፃናትም ተገላገሉ። የአባ ፋኖስም ትከሻ ውሃ ከመቅዳት አርፎ ሕመሙ ለቀቃቸውና ክንዳቸውን ሽቅብ ማንሳት ቻሉ። መጠሪያቸው ግን አልተለወጠም፤ ማረፊያው አንዴ ያወጣውን ስም አይመልስም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎልማሳ አዲስ ጀልባ ይዞ መጣ። የባትሪ ሣጥኑን ጠብታ እንዳያስገባ አድርጎ ዙሪያውን በማስቲሽ አሽጎታል፤ በሥራውም ኩራት ይታይበታል። አባ ፋኖስ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። ምን እንደሚሉት ለመስማት ጠጋ አልኩ።

«ወንድሜ የሞተው በእንዲህ ያለ ሣጥን ነው» አሉት። «የደፈንኩለት እኔ ነኝ። ተቀመጥና ልንገርህ።»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አንድም ሳይደብቁ ነገሩት። ሲጨርሱ ሰውዬው ባትሪውን ራሱ ፈቶ አወጣና ባዶውን ሣጥን ወደ እሳቸው ገፋላቸው። አባ ፋኖስም ከልጃቸው ሱቅ መሰርሰሪያ አስመጡ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ታያለች።

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት ጋሼ» አለች፤ «ጋዙ ሽቅብ ነው የሚወጣው።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ መሰርሰሪያውንም ከፍ አድርገው በሱት።