የመኖ ሰጪዋ ዶሮዎችና የከሱት አይጦች

የምስክር ስም፦ በመሥሪያ ቤትም በሰፈርም «ጮሌው» የሚባል
ዕድሜ፦ 43 (የማይመስል)
ሥራ፦ በእንስሳት ላቦራቶሪ የአይጥ ሳጥን አጣቢ
አድራሻ፦ ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር
ቀን፦ ሰኞ ከሰዓት በፊት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ መርማሪው ልጻፍልህ ቢሉኝም የማታ ትምህርት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ቃሌን በራሴ እጅ ጽፌአለሁ።

ነጫጭ አይጦቻችን ካለፈው ወር ጀምሮ ከሱ፤ ፀጉራቸው ረገፈ፤ እናቶቹም የወለዷቸውን በሉ። አለቃችን እትዬ የምንላቸውን መኖ ሰጪ ጠርተው፣ መኖውን ቤትሽ ላሉት ዶሮዎች እየወሰድሽ ነው አሏቸው። ማስረጃቸው የዶሮዎቹ ውፍረት ነው። እትዬም «የእኔ ዶሮ የሚወፍረው የአለቃ ፊት ስለማያይ ነው» አሉ። ዓርብ ጠዋት ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ ያመጣቸው ይኸው መልስ ይመስለኛል።

የዚያኑ ቀን ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ከአይጦቹ ክፍል በር አጠገብ የተሰካች ጥቁር ዕቃ ነቅዬ ቻርጀሬን ሰካሁ። መልሼ መሰካቱን ረሳሁት። ዛሬ ጠዋት ስገባ አይጦቹ ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ አንዷም ልጆቿን ታጠባለች። አለቃችን ሌባዋ ስትሄድ ጠገቡ አሉ። እኔ በበኩሌ ሳጥን አስተጣጠቤ ነው አልኩ። በአይጦቹ ላይ ምርምር የምታካሂደው ዶክተር ግን በእትዬ ፋንታ ራሷ ያንኑ ያህል መኖ ስትሰጥ ስለሰነበተች፣ ከዓርብ ወዲህ ሌላ ምን እንደተለወጠ ጠየቀችን። የነቀልኳትን ዕቃ ሳሳያት፣ በሩ አጠገብ የሚያድረውን ዘበኛ አስጠራች።

ዘበኛው ጫማውን የበሉበትን የዱር አይጦች ለማባረር ባለፈው ወር ገዝቶ እንደሰካት አመነ። «እኔ አባሪ ያልኳት የውጪዎቹን ነው፤ የውስጦቹን ማን ንኪ አላት?» አለ።

ዶክተሯ እንዳስረዳችን ዕቃዋ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ታወጣለች፤ ለአይጥ ግን ቀን ከሌት የሚነፋ ጡሩምባ ነው። የዱር አይጦቹ ሮጠው ያመልጣሉ፤ የእኛዎቹ ሳጥን ውስጥ ሆነው የት ይሂዱ? እንቅልፍ ያጣና የደነገጠ እንስሳ የበላው ሥጋ አይሆነውም። እኔ አማቴ ቤት ስለኖርኩ ወዲያው ገባኝ።

አለቃችን አላምንም ስላሉ ዶክተሯ መልሳ ሰካቻት። አይጦቹ ብድግ ብለው ጥግ ላይ ተከመሩ፤ የምታጠባዋም ልጆቿን ጥላ ሸሸች። ስትነቀል ቀስ በቀስ ተረጋጉ። አለቃችንም በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ፤ ይህም ለአይጦቹ ተስማምቷቸዋል።

ስለዚህ እትዬ አልሰረቁም። የሚታሰር ከጠፋ ዕቃዋን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ናት። እትዬ ግን ቶሎ ይለቀቁልን፤ በዚህ ሁሉ ግርግር አይጦቹ እስካሁን ቁርስ አልበሉም።

የጻፍኩት ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________