«ፕላን አይደለም፣ ሞክአፕ ነው»

የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ ያጠቃልላል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ አገሩ ሁሉ በተቃውሞ ይናጥ የነበረ ጊዜ ነው። ለቡራዩ የታሰበውን ክሊኒክ ሞክአፕ፣ ማለትም ትንሽ አምሳያውን፣ በካርቶን ይዤ ከቢሮ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። ከተማዋ መግቢያ ላይ መንገዱን በድንጋይ የዘጉ ወጣቶች አስቆሙን። አንዱ ካርቶኑን ከፍቶ ከወረቀት የተሠራውን ሕንፃና ዛፍ ሲያይ፣ «ማስተር ፕላኑ ይኸው!» ብሎ ጮኸ። ከበቡን።

«ወንድሜ፣ ፕላን አይደለም፣ ሞክአፕ ነው» አልኩት።

«ምን ለየው?»

«ፕላን የት ምን እንደሚሠራ የሚወሰንበት ነው። ሞክአፕ ግን ገና ሳይወሰን ሰው መልኩን አይቶ ሐሳብ እንዲሰጥበት ነው። ካልወደዳችሁት ይቀየራል።»

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ያልኩትን በኦሮምኛ አስረዷቸው። ወጣቱ ወደ ካርቶኑ እያየ፣ «ለመሬታችንስ ሞክአፕ ማን አሳየን?» አለኝ። ካርቶኑን ራሱ ዘግቶ መለሰልኝና ድንጋዩን አስነሳልን።

ታክሲው ሲንቀሳቀስ አዛውንቱ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምን ሆኑ አባቴ?» አልኳቸው።

«ልጄንም ፖሊሶች የወሰዱት ይህንኑ ጥያቄ ስለጠየቀ ነው» አሉኝ።